እናቴ ያላወቀችው ድምፅ

የኔን የብረት ክምር ያላየ ሰው፣ ብረት አይቻለሁ ብሎ ባያወራ ይሻለዋል። በግቢያችን አናት የሚያልፉ አውሮፕላኖች ጫፉ ሆዳቸውን እንዳይቧጭረው ትንሽ ከፍ ብለው እንደሚያልፉ ከአንድም ሁለት ሰው ሰምቻለሁ። ሚስቴ «ሁለቱም ሰዎች አንተው ነህ» ትላለች። ትበል። ባሏን በአደባባይ ያደነቀች ሚስት ካለች አምጥታችሁ አሳዩኝ።

ሰፈሩ «ማግኔት» ይለኛል። አንገቴ ላይ በሲባጎ የማንጠለጥላት ማግኔት አለችኝ፤ ከአንድ አሮጌ የድምፅ ማጉያ ሆድ ፈልቅቄ ያወጣኋት ናት። አንድን ዕቃ ብረት ይሁን ነሐስ ስጠራጠር አስጠጋታለሁ። ከያዘችው ብረት ነው፤ ካልያዘችው ነሐስ ወይ መዳብ ነውና ወደ ውዱ ጆንያ ይገባል። ይሄ እንግዲህ ለሰው የምለው ነው። እኔ ራሴ ብረትን የምለየው በሽታው ነው። ዓይኔን ሸፍናችሁ ከሦስት ቤት ማዶ የመዳብ ሽቦ ብትደብቁ ቀጥ ብዬ ሄጄ አወጣዋለሁ። ሚስቴ ግን ማግኔት የተባልኩት የማይረባ ነገር ሁሉ ስለሚለጠፍብኝ እንደሆነ ለጎረቤቱ በሙሉ አስረድታ ጨርሳለች።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ጠዋት ጋሪዬን እየገፋሁ «የተሰበረ! የዛገ! የሰለቻችሁ!» እያልኩ በየመንገዱ እዞራለሁ። ድምፄ ሲሰማ በር ሁሉ ይከፈታል። እጀታው የወለቀ ድስት፣ በሩ የተገነጠለ ፍሪጅ፣ አንድ እግሯን ያጣች ብስክሌት ይወጣልኛል። አንዲት ሴትዮ የዛገ አልጋ ስትሸጥልኝ፣ ላዩ ላይ የተጋደመውን ባሏን በአገጯ እያሳየች «እሱንስ ስንት ትለዋለህ?» ብላኝ ታውቃለች። ማግኔቷን ደረቱ ላይ አስጠጋሁና «ይቅርታ እትዬ፣ ውስጡ ምንም ብረት የለም» አልኳት። ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ በመንገድ ሲያየኝ ይሻገራል።

ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ውስጥ ተቀምጬ እፈታለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እለያለሁ። ሲበቃ ተረካቢው በጭነት መኪናው ይመጣና መዝኖ ወደ ማቅለጫው ይወስደዋል። ተረካቢው ወሬ የማይወድ ወፍራም ሰው ነው። እኔ ታሪክ ስነግረው እሱ ሚዛኑን ያያል። ቢሆንም ከኔ በቀር ደንበኛ እንደሌለው በደንብ አውቃለሁ፤ ሌሎቹ አጃቢዎች ናቸው።

ክምር መሥራት ደግሞ ዝም ብሎ መወርወር አይደለም። ከባዱን ከሥር፣ ቀላሉን ከላይ ታደርጋለህ፤ ከጀርባው የሚደገፍበት ነገር ትሰጠዋለህ። የኔ ክምር ከሥሩ የጭነት መኪና ሻንሲ፣ የተሰነጠቀ የውሃ ማሞቂያ በርሜልና የአንድ ወፍጮ ጥርሶች አሉበት። ከላይ ያለውን እሸጣለሁ፤ ከሥር ያለውን ግን አልነካም። የሚደገፈው ደግሞ በቤታችን የጀርባ ግድግዳ ላይ ነው። ከግድግዳው ወዲያ እናቴ ትተኛለች።

የእናቴ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ያቺን ክፍል ግን ከኔ አብልጣ ታያታለች፤ በመዳፏ። ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ውሃው ጆግ፣ ከጆጉ እስከ መስኮቷ ያለውን ሁሉ ጣቷ ያውቀዋል። ወገቧ ላይ ደግሞ አንድ ሐኪም ስሙን የነገረን፣ ሌላው ሐኪም ስሙን የቀየረው ሕመም አለባት። የሰጧት መድኃኒት ሁሉ ሆዷን ብቻ አሳመማት።

ክምሩ ያደገ ጊዜ ነው፣ አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ፦

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ግድግዳ ምን አገኘው?» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ሞቀ።»

መዳፌን አስደገፍኩ። እውነትም ሞቋል። ብረቱ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ለግድግዳው እያካፈለው ነው። እናቴ የዚያኑ ዕለት አልጋዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋችና ወገቧን ለጥፋ ተኛች። በማግስቱ «እንደ ሰው ተኛሁ» አለችን። ከዚያ በኋላ ለሽያጭ ብቻ መከመር አቆምኩ፤ ጥቁር ጥቁሩን፣ ሰፋፊውን ላሜራ እየመረጥኩ ግድግዳው ላይ ደረደርኩላት። ለእናቱ ከፀሐይ በቀጥታ መስመር የዘረጋ ሌላ ወንድ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

ጨዋታችንም እዚያ ላይ ተጀመረ። ማታ ማታ የቀኑን ግዢ ክምሩ ላይ አንድ በአንድ እጥላለሁ፤ እሷ ከውስጥ ትገምታለች።

ጓ!

«ቸርኬ» ትላለች።

ቅጭልጭል!

«የበር ማጠፊያ ነው፤ ብዙ ነው። ቤት አፈረሱ እንዴ?»

ድም... እም...

«የልብስ ስፌት መኪና እግር። ውይ፣ የማን ይሆን፣ ምን አግኝታ ሸጠችው!»

አትስትም። አንድ ጊዜ ሹካ ብጥል «ሹካ! ያውም አንድ ጥርሷ የረገፈ» ብላኛለች። ጥርሷ የረገፈውን እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ሹካ ማለቷ ግን እውነት ነው።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ጆሮ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ የኔን ወሬ የምትሰማበት ልዩ ሚዛን አላት። «አንተ ዝሆን ስትል እኔ ድመት ነው የምሰማው» ትለኛለች። መንገድ ላይ ሃምሳ ሰው ተደባደበ ካልኳት ሁለት ሰው ተሰዳደበ ብላ ትይዘዋለች። በዚህ ሒሳብ ኖረን ተግባብተናል፤ እኔ እጨምራለሁ፣ እሷ ትቀንሳለች፣ መሀል ላይ እውነቱ ይገኛል። አንድ ነገር ብቻ ነው ሳትቀንስ የወሰደችው። አልጋዋን ያስጠጋች ቀን «ይሄ ግድግዳ ይችለኛል?» ብትለኝ፣ «እማዬ፣ ይሄን ግድግዳ ባቡር ቢገጨው ይቅርታ የሚጠይቀው ባቡሩ ነው! ውስጡን በፌሮ ብረት ሸምኜዋለሁ» አልኳት። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ነው። እኔ ያደረግኩለት ነገር ቢኖር ላዩን መለሰን ነው።

ደንብ አስከባሪው የመጣው ሰኞ ነው። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ግቢዬ ሲገባ ጫማውን እያየ እንደ ድመት ይረግጣል።

«ጋሼ ማግኔት፣ ከታች ያሉት ጎረቤት ከሰውዎታል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የርስዎ ዝገት ግቢያቸው ይወርዳል። ያሰጡት ልብስ ቀይ ሆነ ይላሉ።»

«ቀለም በነፃ አገኙ፤ ምን ቅር አላቸው?»

«ክምሩ ይነሳ ተብሏል፣ ጋሼ።»

«ይነሳላ።»

«አንድ ወር ልስጥዎት ብዬ አስቤ ነበር...» ክምሩን ከእግሩ እስከ አናቱ አየው። «ግን ይሄን ሁሉ በወር ይችሉታል?»

ይችሉታል? ይች ቃል ነች ያጠፋችኝ። በአጥሩ ላይ የጎረቤት ጭንቅላት ተደርድሯል። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ሊመጣ ያለውን ስላወቀች፣ በዓይኗ «ተው» ትለኛለች። ደረቴ ግን ቀድሞ ተነፍቷል።

«እኔን ነው ይችሉታል የምትለው? ልጄ፣ ወር ለሰነፍ ነው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ና። እዚህ ግቢ ውስጥ አንዲት ሚስማር ካገኘህ ጢሜን ላጨኝ!»

«ቅዳሜ? የዚህ ሳምንቱን?»

«ሌላ ቅዳሜ አለ እንዴ?»

ወጣቱ ሳቀ፤ ደስ አለው። «እንግዲያው የማንሻ መኪናውን ለቅዳሜ ጠዋት አስመድበዋለሁ። የተረፈውን እሱ ያነሳልዎታል» ብሎ እጄን ጨብጦ ሄደ።

ሚስቴ ጎረቤቱ እስኪበተን ጠበቀችና፣ «ምላስህን ብረት አድርጎት በሆነና ለተረካቢው በሸጥኩት» አለችኝ።

ሐሙስ ተረካቢው መኪናውንና ሠራተኞቹን ይዞ መጣ። ከላይ ጀመርን። ላሜራው፣ ቧንቧው፣ የአልጋው እግር፣ የፍሪጁ ሆድ እየተወረወረ መኪናው ላይ ይወጣል። እናቴ ከውስጥ እየተከታተለች ስም ትጠራለች። «ቧንቧ... ላሜራ... ያቺ ብስክሌት ነች!» ሠራተኞቹ ሳቁ፤ ያ ሳቅ የማያውቀው ተረካቢ እንኳ ከንፈሩን ፈገግ አደረገ። እኔ ቆሜ ትእዛዝ እሰጣለሁ። ልክ እንደ ጦር አዛዥ ነበርኩ፤ አንድ መድፍ ብቻ ነው የጎደለኝ።

ከዚያ ለሻንሲው ሰንሰለት አሰሩለትና መኪናው ሳብ አደረገው።

አንድ ድምፅ መጣ። ትልቅ አይደለም። የሆነ ሽማግሌ ከወንበር ሲነሳ እንደሚያሰማው ያለ፣ የሚያቃስት ድምፅ ነው። ከብረቱ አይደለም የመጣው። ከጣራው ሥር ያለው ልስን ተፈረፈረና ትከሻዬ ላይ ወረደ። ሁሉም ባለበት ቆመ።

ከውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ልጄ... ይሄን አላወቅኩትም።»

ግንበኛውን ጠራሁት። ከልጅነት ጀምሮ የማውቀው፣ ስናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። ቱንቢውን አውጥቶ ከጣራው ጫፍ አንጠለጠለ። ክሩ ከላይ ግድግዳውን ነክቶ፣ ከታች ከግድግዳው ርቆ ተወዛወዘ። ቀጥሎ ተንበርክኮ፣ ሻንሲው ትንሽ በለቀቀው ቦታ እጁን አስገባ፤ እፍኝ ሙሉ ቀይ ጭቃ ይዞ ወጣ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«መሠረትህ ነው።»

«ቀልዱን ተወው።»

«እየቀለድኩ አይደለም ወዳጄ። ውሃው በብረቱ ሥር እየተቋጠረ የጡቡን እግር በልቶታል። ግድግዳህ ወደ ብረቱ ከተኛ ቆይቷል። አንተ ብረቱ ግድግዳውን ተደግፏል ትላለህ፤ አሁን ብረቱ ነው ግድግዳውን ያቆመው። ብረቱ ከተነሳ ግድግዳው ተከትሎ ወደ ውጪ ይወድቃል። ጣራው ደግሞ ወደ ውስጥ፣ እናትዬዋ ላይ።»

«በግንድ እንደግፈው።»

«ግንዱን ምን ላይ ልትተክል? ይሄ መሬት ነው? ሾርባ ነው። ከርሞ በበጋ፣ ደርቆ፣ ተቆፍሮ፣ ያኔ ይቻላል። አሁን እናትህን አውጣት፤ ሌላው ይደረስበታል።»

ተረካቢው ሰንሰለቱን አስፈታና ሄደ።

ወደ እናቴ ገባሁ። ወገቧን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ለጥቂት ቀን ወደ ፊተኛው ክፍል እንውሰድሽ።»

«ምን አደርጋለሁ እዚያ? ብርድ ነው፤ እጄም አያውቀው።»

«ግድግዳው ሊወድቅ ነው።»

ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«ልስኑ ተፈረፈረ በለኛ።»

«ልስን አይደለም እማዬ። ግድግዳው በሙሉ። ጣራውም።»

«እሺ፣ ትንሽ ተሰነጠቀ እንበል። በጭቃ ምረገው።»

«እማዬ፣ እውነቴን ነው!»

«አንተ መቼ ውሸትህን ነው ብለህ ታውቃለህ?» አለችና እጄን ፈልጋ ያዘችው። «ደግሞስ ባቡር ቢገጨው ያልከኝ አንተ አይደለህ? ፌሮው የት ሄደ?»

«ፌሮ የለውም እማዬ» ብዬ እውነቱን ነገርኳት። እሷም «ይሄ ደግሞ አዲስ መጣ» ብላ እንደገና ሳቀች።

ሚስቴን ላክሁ። ሚስቴ በሕይወቷ አንድ ቃል ጨምራ አታውቅም። «እማማ፣ አሁንስ እውነቱን ነው» ብትላት፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አብሮ መኖር ነው፤ ተጋባብሽ» አለቻት። ግንበኛውን አስገባሁ። «አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ የሱ ምስክር ነህ» ብላ አሰናበተችው። ሚስቴ «በግድ እናንሳት» አለች። ባለፈው ለሐኪም ስናነሳት እንዴት እንደጮኸች ጆሮዬ ውስጥ አለ። የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እኔን ልጇን፣ «ተውኝ» ስትለኝ በግድ የሚያላቅቅ ክንድ የለኝም። በሬ እጥላለሁ፤ ይሄ ግን የለኝም።

ዓርብ ጠዋት ወደ ደንብ አስከባሪው ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ሦስት ጠረጴዛ ተጣብቆ ተቀምጦበታል፤ ሦስቱም ላይ ያሉት ሰዎች ያውቁኛል። ስገባ ፈገግ አሉ።

«የማንሻውን መኪና አስቁምልኝ።»

«ለምን ጋሼ?»

«ክምሩ ከተነሳ ቤቴ ይወድቃል።»

ባልደረባው ከጎን፣ «አውሮፕላኖቹስ የት ሊያርፉ ነው?» አለ። ተሳሳቁ። ወጣቱ ግን ልሳቅ አልሳቅ እያለ አፉን በመዳፉ ያዘ።

«ጋሼ፣ ሰኞ ዕለት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቅዳሜ ያሉት እርስዎ ነዎት። መኪናው ከሌላ ቦታ ተለምኖ ነው የመጣው። አሁን ባስቀረው ተመልሶ የሚመጣበትን ቀን እኔም አላውቅ። የከሰሱት ሰውዬ ደግሞ በየቀኑ እዚህ ናቸው።»

«እናቴ አለች እኮ ውስጥ!»

«ታዲያ ያውጧት።»

«አልወጣም አለች።»

«ለምን?»

ምን ልበለው? እናቴ አታምነኝም ልበለው? እሱ ወደ ወረቀቱ ተመልሶ «ጋሼ ማግኔት፣ ሥራ በዛብኝ» አለኝ፤ በትሕትና ነው ያለኝ። ወጣሁ። የሄድኩበት መንገድ በሙሉ ሰላም የሚለኝ ሰው ነበር። «እንዴት ነው ክምሩ?» ይሉኛል። ሌላ ቀን ቢሆን እያንዳንዱን ሩብ ቀን አቆመው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ማንሻው መጣ። ከረጅም ክንዱ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው ክብ ነገር፣ ጠረጴዛ የሚያክል ማግኔት ነው። እኔም ማግኔት፣ እሱም ማግኔት። ክንዱ በአናቴ ሲዞር አንገቴ ላይ ያለችው የኔይቱ ተነስታ ሲባጎዋን ወጥራ ወደ ላይ ሳበችኝ፤ ጫማዬ ከመሬት ለቆ ነበር ብል ማን ያምነኛል? እንኳን እሱን፣ ሌላውንስ ማን አመነኝ።

ኦፕሬተሩ ጆሮውን ደፍኖ ነው የሚሠራው። ብጮህ አይሰማም። ማግኔቱ ይወርዳል፣ ዕቃው እየዘለለ ይለጠፍበታል፣ ወደ ተረካቢው መኪና ይሄዳል፣ ይረግፋል። የኔ የዕድሜ ልክ ክምር እንደ ፍርፋሪ እየተለቀመ አለቀ። ሻንሲው፣ በርሜሉና የወፍጮው ጥርሶች ሲቀሩ ደንብ አስከባሪው ፊት ተደቀንኩ። ምን ዓይነት ፊት እንዳየብኝ አላውቅም። እጁን አነሳና ኦፕሬተሩን አስቆመው። «ሻይ ይጠጣ፤ ከዚያ ይጨርሳል። ከዚህ በላይ አልችልም ጋሼ» አለኝ።

ሻይ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ወደ እናቴ ሮጥኩ።

በመንገዴ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ዝሆን ስል ድመት ከሰማች፣ ዝሆኑ በልኩ እንዲደርሳት ተራራ ማለት ነው ያለብኝ! መሬት ተሰነጠቀ፣ ሰፈሩ ወደ ገደል እየገባ ነው፣ ከተማው እየተሰደደ ነው እላታለሁ፤ እሷ ቀንሳ ቀንሳ ግድግዳው ላይ ትደርሳለች። በዚህ ምላስ የማላደርገው ነገር የለም፤ ይሄማ ቀላል ነው።

ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አፌን ከፈትኩ።

ምንም አልወጣም።

ከተራራውም፣ ከዝሆኑም፣ ከድመቷም አንድ ቃል አጣሁ። ግድግዳው ላይ ከጣራው ጥግ ጀምሮ እስከ አልጋዋ የወረደ ስንጥቅ አለ፤ በስንጥቁ ውስጥ የውጪው ብርሃን ይታያል። እናቴ አታየውም። ወገቧን እዚያው ለጥፋ፣ የኔን ማጋነን ልትሰማ ጆሮዋን አዘንብላ ትጠብቃለች። ፊቷ ላይ ያ የምትቀንስበት ፈገግታዋ ተዘጋጅቷል።

«እ?» አለች። «ዛሬ ደግሞ ምን ወደቀ?»

ዝም።

«አንተ ልጅ?»

እጇ አልጋውን እየዳበሰ መጥቶ ጉልበቴን አገኘ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ላቆመው ብል እምቢ አለኝ። እጇ እዚያው ላይ ቆየ። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ፌሮ የለውም አይደል?» አለችኝ።

ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። እንደማታየኝ ረስቼ ነው። እሷ ግን ገባት።

«ተሸከመኝ» አለች።

ጀርባዬ ላይ አዘልኳት። ስለ ክብደት እኔ የማወራው ብዙ ነው፤ ስንትና ስንት ብረት ያነሳሁ ሰው ነኝ። ስለሷ ክብደት ግን የምጨምረው አጣሁ። የሚመዘን ነገር የላትም። ከአልጋው ስንነሳ «ቆይ» ብላ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ግድግዳውን ነካችው፤ ባዶ መዳፏን አሳረፈችበት።

«ገና አልሞቀም» አለች። ጠዋት ነበር።

ሚስቴ ፊት ለፊት ግቢው ላይ ወንበር አዘጋጅታ ተቀበለችን። ኦፕሬተሩ ከሻዩ ተመለሰ። በርሜሉን አነሳ። የወፍጮውን ጥርሶች አነሳ። ሻንሲውን ሲያነሳ ያ የሽማግሌ ድምፅ እንደገና መጣ፤ አሁን ግን አላቆመም። ረዘመ፣ ወፈረ፣ ከዚያ ግድግዳው ዝም ብሎ፣ እንደደከመው ሰው፣ ወደ ውጪ ተጋደመ። የእናቴ ክፍል ጣራ አንድ ጊዜ አመነታና ወደ ውስጥ ገባ፤ ፊተኛው ክፍል ብቻ ቆሞ ቀረ። አቧራው በቤቱ አናት ዞሮ እኛ ጋ ደረሰ።

እናቴ ጆሮዋን እንዳዘነበለች ቆየች።

«አሁን አወቅኩት» አለች።

ደንብ አስከባሪው ከአቧራው ውስጥ እየሮጠ መጣ፤ እናቴን ወንበሩ ላይ ሲያይ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ያ ንጹሕ ጫማው አቧራ ለብሷል። ማንሻው የፈረሰውን ጣራ ቆርቆሮና ሚስማር እንኳ ሳይቀር ለቃቅሞ ሲወጣ ልክ ቀትር ነበር። ግቢዬ ውስጥ አንዲት ሚስማር የለችም። በዕድሜዬ ከፎከርኳቸው ሁሉ አንዱ፣ ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት በልኩ የተፈጸመው ይሄ ነው።

ተረካቢው ጭኖ ሲጨርስ በሩ ላይ ቆሞ ወደ እናቴ አየ። ከዚያ ከመኪናው ላይ አንድ ዕቃ አንስቶ መሬት ላይ ወረወረልኝና ሄደ።

ጓ!

«ቸርኬ» አለች እናቴ፣ በዝቅታ።

አልጋዋን ከፍርስራሹ አውጥተን ፊተኛው ክፍል አስገባንላት። ክፍሉ ፀሐይ አያገኘውም። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ መልሳ አነሳችው። በሩን ፈለገች፤ የጠበቀችበት ቦታ አልነበረም። ጆጉን ፈልጋ ደፋችው። ሚስቴ እያበሰች ጀርባዋን አዞረችብን፤ ዓይኗን ላለማሳየት ነው። ወደ ማምሻው ላይ ወገቧ ጀመራት። አታቃስትም፤ የአልጋውን ብረት ትጨብጣለች፣ ሕመሟን በዚያ ነው የማውቀው።

ቸርኬውን ፀሐዩ ላይ አስቀምጬው ነበር። ሲግል አንስቼ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩትና ከወገቧ ሥር አስገባሁላት። ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ።

«ሞቀ» አለች። «እስከ መቼ ይቆያል?»

አንድ ቸርኬ ነው። እጄ ውስጥ እያለ መቀዝቀዝ ጀምሯል።

«እስከ ጠዋት ያሞቅሻል እማዬ» አልኳት።

ጥቂት አሰበች። «እስከ ጠዋት» ያልኩትን የቀነሰችው ያኔ ነው።

«እሺ» አለችኝ፣ ቶሎ ብላ ወገቧን እያስጠጋች።

እኔም ፀሐይዋ የት እንደደረሰች ለማየት ወደ ግቢው ወጣሁ።